ሦስት ጥይት የበላው ምስክር

ሶስቴንስ መሞት ይችልበታል። በሳን ሲሜዮን መንደር እንደሱ አድርጎ የሚሞት የለም ይላሉ። ሲሉት ለቀልድ ነው፣ ግን እውነትም አለው።

በየዓመቱ የካቲት ላይ፣ የአማፓ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ሮዝ አበባ ብቻ ሲለብሱ፣ በመንደሩ የሚኖሩት ፈረንጆች የተኩስ ቀን የሚሉትን በዓል ያከብራሉ። ከሰሜን የመጡ ጡረተኞች ናቸው። የድሮ የጭቃ ቤቶችን ገዝተው፣ አድሰው፣ ግቢያቸውን አበባ በአበባ አድርገው ነው የሚኖሩት። የዚያን ቀን ጉልበቱን የሚያመውም ልቡን የሚያመውም ቦት ጫማ ያጠልቃል፣ ሰፊ ባርኔጣ ይደፋል፣ ድምፅ እንጂ እርሳስ የሌለው ሽጉጥ ይታጠቅና ደረቁ ወንዝ ዳር ወዳለው ሜዳ ይወርዳል።

ሁለት ባላንጣዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ዶክተር መርል ነው፣ ዕድሜውን ጥርስ ሲነቅል የኖረ። ሌላው ዶን ግሌን ነው፣ ድሮ ቤት ሠሪ የነበረ፣ አሁን ወንዙ አጠገብ ያለውን ሰፊውን የከብት ርስት የገዛ። ሶስቴንስ በመሃላቸው ይቆማል። እሱ «ምስክሩ» ነው። ሦስት ጊዜ ይተኮሳል፣ ሦስቴ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግማሽ ሰዓት የነሱ ነው። ይሰዳደባሉ፣ ከበርሜል ጀርባ ያደፍጣሉ፣ ዶክተር መርልም ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ቆይቶ ይሞታል።

ሶስቴንስ ይህን ሥራ የተቀበለው ንግግር ስለሌለው ነው። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ሆኗል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ግን ሦስት ሰው በተሰበሰበበት ምላሱ እንደ ጥጥ ይሆንበታል። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ኤውዶክሲያ፣ «እግዜር አንተን ሲፈጥር ምላስህን ለእኔ ደርቦ ሰጠኝ» ትለዋለች። ሞቶ ሲተኛ ማንም ምንም አይጠይቀውም። ዓይኑን ጨርሶ አይከድንም፣ በሽፋሽፍቱ መሃል ሰማዩን ያያል። ሰማዩ ከላይ ሳይሆን ከታች ያለ ይመስለዋል፣ ጀርባው ትንሽ ከመሬቱ ቢላቀቅ ወደ ውስጡ የሚሰጥም። ጥንብ አንሳዎች ከፍ ብለው ይዞራሉ፤ ይህን ሰውዬ በየዓመቱ ሲሞት ስላዩት አይወርዱም። ተኩሱ ከውሃ ውስጥ እንደሚሰማ ነገር ይደበዝዛል። የአማፓ አበባ አንድ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ አንድ፣ ደረቱ ላይ ያርፋል። አንዳንዴ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። አንድ ዓመት አንኮራፋና ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዶኛ ዊኒ ብቻ አልሳቁም።

ተረቱን ያመጡት ዶኛ ዊኒ ናቸው፤ እዚያ አገር ዶን ለወንድ፣ ዶኛ ለሴት የክብር መጠሪያ ነው። በአገራቸው አስተማሪ ነበሩ። ወደ ሳን ሲሜዮን በመጡ በሁለተኛው ዓመት፣ በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት አይጥ ካተረፈው የወረቀት ክምር ውስጥ አንድ የሙግት መዝገብ አገኙ። ዶን ናቦርና ዶን ፕላሲዶ የሚባሉ ባለርስቶች በድንበር ተጣልተው ጥይት ተተኩሷል ይላል። መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። ከታች አንዲት መስመር አለች፦ «ምስክሩ ሦስት ጥይት በልቷል፤ ሆኖም ከቆመበት አልተነቃነቀም።»

ዶኛ ዊኒ ይህቺን መስመር ሲያነቡ እዚያው አይጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው አለቀሱ ይባላል። ሦስት ጥይት በልቶ ከእውነቱ ያልተነቃነቀ ሰው፣ ስሙን እንኳ የጻፈለት የለም። ለወዳጆቻቸው አወሩት፣ ወዳጆቻቸው ለወዳጆቻቸው። ወሬ አጥር በዘለለ ቁጥር ይወፍራል። በመጀመሪያው ዓመት የሞተው ምስክሩ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሟቾቹ አራት ሆኑ። አሁን አሥራ አንድ ደርሰዋል፣ አንዲት ሙሽራም አለችበት።

መቃብርም ተገኘለት። ሜዳው ዳር ከአማፓው ሥር አንድ የድንጋይ ቁልል ነበረ፣ ሰው የተቀበረበት የሚመስል። የሶስቴንስ አባት ለበቆሎ መሬት ሲያጸዳ የለቀመው ድንጋይ ነው። ሶስቴንስ ድንጋዩን ሲያቀብል ጣቱን ተቀጥቅጧል፣ ጥፍሩ እስከ ዛሬ አልተስተካከለም። ግን ማን ጠየቀው? ነጭ መስቀል ተተከለ፣ «ምስክር» ተብሎ ተጻፈበት።

እንግዲህ የመንደሩ ሰው ሁሉ እውነቱን ያውቃል። በዚያ አገር ከብት አርቢዎች መሬት ሲመነጥሩ፣ ድንበሩ ጥግ ላይ አንድ ዛፍ ሳይቆርጡ ይተዋሉ። ግንዱን በመጥረቢያ ሁለት ጊዜ ይመቱትና ምስክር ይሉታል። ምስክር ዛፍ ነው። ዶን ናቦርና ዶን ፕላሲዶም ዓይን ለዓይን ተያይተው አልተታኮሱም። አንዱ ሌላው በሌለበት እየመጣ የጠላውን ዛፍ ይተኩሳል። ዶን ናቦር ሁለት ጊዜ፣ ዶን ፕላሲዶ አንድ ጊዜ። በኋላ ዶን ፕላሲዶ የዶን ናቦርን ልጅ ክርስትና አነሳ፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። የሶስቴንስ አያት እንዲህ ብሎ ነበር የነገረው።

ታዲያ ለምን አትነግሯቸውም ቢባል፣ ሰው ደስ ብሎት ሲያወራ አቋርጦ ማረም ነውር ነው። ደግሞ አንድ ዓመት ያልተነገረ ነገር በሁለተኛው ዓመት ለመናገር ይከብዳል። በአሥረኛው ዓመትማ ጨርሶ አይነሳም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የዶኛ ዊኒ ባል ክላረንስ ሞተ። እንደ አገራቸው ልማድ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱን ከመስቀሉ አጠገብ ቀበሩት። ጉድጓዱን የቆፈረው ሶስቴንስ ነው፣ የሳቸው አትክልተኛ እሱ ነውና። «ክላረንስ ብቻውን መሆን አይወድም» አሉት ያን ቀን። «ማታ መብራት ሳያጠፋ ነበር የሚተኛው። ደግ ሰው አጠገብ ይሁን።» ሶስቴንስ አካፋውን ይዞ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አንዲት ቃል እስከ ጥርሱ መጥታ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ ከሰዓት፣ እሱ የሳቸውን ወንበርና የውሃ ባልዲ ተሸክሞ፣ እሳቸው አበባ ይዘው ይወርዳሉ። አንዱን እቅፍ ለክላረንስ፣ አንዱን ለምስክሩ። ዶኛ ዊኒ ሃያ ዓመት ኖረውም ወንድና ሴት መለየት አቅቷቸዋል፤ ቋንቋው ነው እንጂ ሌላ እንዳይመስል። ከንቲባውንም ቄሱንም «አንተ» ነው የሚሉት፣ ሶስቴንስን ደግሞ እንደመጣላቸው፣ አንዴ «አንተ» አንዴ «አንቺ»።

«ደከመሽ ወይ ሶስቴንስ?»

«አልደከመኝም፣ ዶኛ።»

«ጎበዝ ልጅ ነሽ።»

እሱም አያርማቸውም። ደስ ይለዋል እንዲያውም። እሳቸው ከክላረንስ ጋር በዝግታ ሲያወሩ፣ እሱ ራቅ ብሎ ወንዙ አሸዋ ላይ ይቀመጣል፣ የሳቸው ድምፅም ከሙቀቱ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ንብ ድምፅ ይሆንለታል።

አሁን ወደ ነገሩ። ፈረንጆቹ ጠዋት ጠዋት አደባባዩ ላይ ካሉት ቅስቶች ሥር ተቀምጠው ቁርስ ይበላሉ። የሚያወሩት ስለ ሙግት ነው። እዚያ አገር ቤት የገዛ ፈረንጅ ሁሉ አንድ ሙግት አያጣም፣ ሙግት የሌለው ደግሞ የሰው ያወራል። ሶስቴንስ ዓምዶቹ ላይ የወጣውን ቡገንቪል ሊከረክም መሰላል ላይ ነበር። ቋንቋቸውን እንደሚሰማ የሚያውቅ የለም፤ ለሃያ ዓመት መልስ ሰጥቶ አያውቅማ።

«የዚያች ሴትዮ የግድግዳ ነገር እንዴት ሆነ?» አለ አንዱ።

«ይግባኝ ብላለች።»

«በማን ላይ?»

«በግድግዳው ላይ ሳይሆን አይቀርም።»

«ዳኛው ሊያይ ሲመጣ እዚያው ግድግዳ ላይ ተደግፎ፣ ደህና ነው፣ ይይዛል ብሎ ሄደ አሉ።»

ሳቁ። ዶክተር መርል ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገ። አዲስ ወሬ ሲኖረው ወንበሩን ይስባል። «ግሌን ግን ያሸንፋል» አለ። «ወረቀቱ ግልጽ ነው። የርስቱ ድንበር ከነጩ ቋጥኝ እስከ ምስክሩ በቀጥታ ይላል። ምስክሩ የት እንደተኛ ደግሞ እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን።»

«እና መስመሩ በየት ያልፋል?»

«በሶስቴንስ ኩሽና።»

ማንኪያ ሲኒ ነካ። «ምስኪን። ያውቃል?»

«እንጃ። አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል።»

«አዎ፣ አንድ ሰው።»

ቀና ብሎ ያየ የለም። የቡገንቪሉ ቅጠል እላያቸው ላይ እየረገፈ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሶስቴንስ የገዛ ቤቱን ወሬ መሰላል ላይ ሆኖ እንደ ሌላ ሰው ወሬ ሰማው። እጁ መከርከሙን አላቆመም። ወርዶ ሲያየው ያንን ዓምድ ራቁቱን አስቀርቶታል።

ቤት ሲደርስ ኤውዶክሲያ የዱቄት ቂጣ እያገላበጠች ነበር። ነገራት።

«ኩሽናዬን?» አለች።

«ኩሽናውን። የውሃ ጉድጓዱን። ያንቺን አልጋ።»

«አንተስ?»

«እኔ ከፍየሎቹ ጋር ከመስመሩ ወዲህ እቀራለሁ።»

«አንተማ ምን ተለወጠብህ።» ቂጣው አረረ፣ አላየችውም። ከዚያ ከቅዱሱ ሥዕል ጀርባ ማኅተም ያለበት ፖስታ አወጣች። የመጣው ከወር በፊት ነው፣ ከውሃ ጽሕፈት ቤት መስሏት ነበር። ፊደል በፊደል እየገፋች አነበበችለት። ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቦታውን ለማየት ይመጣሉ፣ ባለይዞታው ያለውን ይናገር ይላል። ባለይዞታው እሱ ነው፣ አባታቸው በሱ ስም ነው ያደረገው።

«ምስክሩማ የእኔ ልብስ ማጠቢያ ሥር አይደል እንዴ?» አለች ኤውዶክሲያ።

ነው። በትልቁ ድርቅ ዓመት አባታቸው ያንን ሜስኪቴ የሚባል እሾሃማ ዛፍ ቆርጦ ግንዱን ለፍየል በረት ቋሚ ሰነጠቀው። ጉቶው ቀረ፣ ማጠቢያ ድንጋዩን እላዩ ላይ አስቀመጡበት። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከድንጋዩ ጎን ለጋ ያወጣል፣ ፍየሎቹ ይበሉታል። እሾሁ የእህቱን የታጠበ ልብስ ሁሉ ቀዷል።

«ሐሙስ ትናገራለህ።»

«አንቺ ተናገሪ።»

«ስሙ ያንተ ነው። እኔ ከተናገርኩ ደግሞ መሳደቤ አይቀርም፣ ታውቀኝ የለ።»

ያረረውን ቂጣ ከምጣዱ አነሳና፣ «ዶኛ ዊኒስ?» አለ።

«እሳቸው ምን ሆኑ?»

«ክላረንስን ምስክሩ አጠገብ ነው ብለው...»

«ክላረንስ ሞቷል፣ ወንድሜ» አለች ኤውዶክሲያ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እሷ ድምፅ ስትቀንስ ነው የሚያስፈራው። «ማብሰያ የማጣው እኔ ነኝ። እኔ ገና በሕይወት አለሁ።»

ያን ሰሞን ሶስቴንስ በእግሩ እየሄደ የሚያልም ሰው ሆነ። ሲቆፍር ያያል፤ ወንዙ ይሞላል፣ ቤቱ እንደ ጀልባ ተነቅሎ ይሄዳል፣ እህቱ መስኮት ላይ ሆና ትጮኻለች፣ እሱ ዳር ላይ ተኝቷል፣ ደረቱ ላይ አበባ አለ፣ መነሳት ይችላል ግን የሚነሳበት ቦታ በተረቱ ውስጥ የለም። ሲባንን አካፋው እጁ ላይ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ወደ ዶኛ ዊኒ ሄደ። ከፍርድ ቤት ሰው ከሚሰሙት ከሱ ይስሙት ብሎ ነው። እሳቸው በረንዳ ላይ መጽሐፍ ይዘው ተቀምጠዋል። የሎሚውን ዛፍ ውሃ አጠጣ። ጽጌረዳውን አጠጣ። ተመልሶ ሎሚውን አጠጣ።

«ያቺ ሎሚ ልትዋኝ ነው» አሉ ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ።

«ዶኛ።»

«እ?»

«ምስክሩ ሰው አይደለም።»

መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እሱ ቧንቧውን እያየ ነገራቸው፤ ስለ ዛፉ፣ ስለ መጥረቢያው ምልክት፣ ስለ ድንጋዩ ቁልል፣ ስለ ጣቱ። አጭር ነበር፣ ለሱ ግን ተራራ እንደመውጣት ነው። ሲጨርስ ውሃው ጫማውን ሞልቶት ነበር።

ዶኛ ዊኒ መጽሐፉን ከደኑት። «ከቆመበት አልተነቃነቀም» አሉ፣ ቃሉን እንደ አዲስ እያነበቡት። «ዛፍ ነዋ። ዛፍ የት ይሄዳል።» ወደ እሱ ዞሩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከልጅነቴ።»

«ክላረንስን ስትቀብር ታውቅ ነበር።»

ቧንቧውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ነገ ትናገራለህ?»

«ቤቴ ነው፣ ዶኛ። የኤውዶክሲያም ነው።»

«ውሃውን ዝጋና ሂድ» አሉት። አንዲት ስህተት የሌለባት አነጋገር ነበረች። መንገድ ላይ እያለ ነው የገባው፣ በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ጊዜ «አንቺ» አላሉትም።

ሐሙስ የመንደሩም ሰው መጣ፣ ፈረንጆቹም ሁሉ ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ሜዳው ላይ ተገኙ፣ ለተኩስ ቀን እንደሚመጡት። ዶኛ ዊኒ ከኋላ፣ ጃንጥላ ሥር። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ ሕግ የተማረች ስለሆነች ሊሴንሲያዳ የሚሏት ኦፌሊያ፣ ወጣት ሴት ናት፣ ከላይ ከተራራው ከከብት አርቢዎች የተወለደች፤ የከተማ ጫማዋ አሸዋው ውስጥ እየሰጠመ አስቸግሯታል። የዶን ግሌን ጠበቃ ወረቀቱን አነበበ። «ከነጩ ቋጥኝ እስከ ምስክሩ በቀጥታ።»

«ምስክሩ የት ነው?» አለች ሊሴንሲያዳዋ።

ጠበቃው ወደ መስቀሉ አመለከተ። ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ አመለከቱ። ዶክተር መርል ግን በጣቱ ሶስቴንስን አሳየና፣ «እሱ ነው፣ እኔው ነኝ የገደልኩት» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊሴንሲያዳዋም ፈገግ ብላ ወደ ሶስቴንስ ዞረች። «እርስዎ ነዎት ባለይዞታው? የሚሉት አለ?»

ሰማንያ ዓይን ነበር። ሰማዩን አየ፣ ከላይ ነው ያለው፣ የሚወድቁበት አይደለም። ኤውዶክሲያ እንዳትሳደብ አፏን በሻርፕ ሸፍናለች። ዶኛ ዊኒ ጃንጥላቸውን ዝቅ ስላደረጉ ፊታቸው አይታይም። ጥጡ አፉን ሞላው። ጠበቃው ወረቀቱን ማጠፍ ሲጀምር፣ «የኛ ጓሮ ነው ያለው» አለ ሶስቴንስ።

«ማን?»

«ምስክሩ። ጉቶ ነው።»

ሊሴንሲያዳዋ እስክሪብቶዋን አቆመች። «የምን ጉቶ?»

«የሜስኪቴ።»

«ምልክት አለው?»

«በነጩ ቋጥኝ በኩል። ሁለት የመጥረቢያ ምት።»

እሷ ወደ ጠበቃው ዞረች። «አባቴ ቤትም አንድ ምስክር አለ» አለች። «የተኮሰበት ሰው ግን የለም። ላሞች ይታከኩበታል።»

ፈረንጆቹ ለምን የመንደሩ ሰው እንደሳቀ አልገባቸውም፣ ወንበራቸውን እያጠፉ ተከተሉ። ማጠቢያ ድንጋዩን አራት ሰው አነሳው። ጉቶው እንደ እርጥብ ከብት ጀርባ ጠቁሮ ተገኘ፣ ሁለቱ ጠባሳ ወደ ቋጥኙ እያየ። «ጥይቶቹስ?» አለ ጠበቃው። ሶስቴንስ ወደ ፍየሎቹ በረት ወሰዳቸው። ሦስተኛው ቋሚ ላይ፣ ፍየል ስትታሸት ያለሰለሰችው ቦታ፣ ሦስት ቀዳዳ፤ አንዱ ውስጥ እርሳሱ ገና አለ።

«ቋሚ እኮ ይዞራል» አለ ጠበቃው። «ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይተከላል።»

«ቋሚው ለጥይቱ ነው» አለች ሊሴንሲያዳዋ እየጻፈች። «ሥሩ ለቦታው።»

ሶስቴንስ ወረቀቱን ፈረመ። ስሙ ረጅም ስለሆነ ሲጽፍ ሁሌ ፊደል ይጠፋበታል፤ የዚያን ቀን አልጠፋበትም። ዶን ግሌን ባርኔጣውን አውልቆ ጉቶውን ሲያይ ቆይቶ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ መስመር የሚወድ ሰው ነው።

«ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ስንታኮስ» አለ፣ «አንድ ቀን አትነግረኝም?»

«ሞቼ ነበር» አለ ሶስቴንስ።

ውሳኔው ከፋሲካ በኋላ መጣ። መስመሩ ከቋጥኙ እስከ ጉቶው ሆነ፣ ኩሽናውም ጉድጓዱም አልጋውም በቦታቸው ቀሩ። ኤውዶክሲያ ማጠቢያ ድንጋይዋን ከጉቶው ላይ አስነሳችና ፍየሎቹ እንዳይደርሱበት አጠረችው፣ እየተሳደበች። ቅስቶቹ ሥር ደግሞ ወሬው አልሞተም፤ ሟቾቹ አሥራ አንድ እንደሆኑ ናቸው፣ ዛፉ አሥራ ሁለተኛ ሆኖ ተጨመረ።

ዶኛ ዊኒ ግን አልወረዱም። የአትክልቱን ሥራ በሠራተኛቸው በኩል ይልኩበታል፣ በረንዳው ላይም አይወጡም። ሶስቴንስ ዓርብ በመጣ ቁጥር ወንበሩን ከመጋዘን አውጥቶ ተሸክሞ ይወርዳል፣ አማፓው ጥላ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ባዶውን ይመልሰዋል። አንድ ዓርብ። ሁለት። ሦስት። ኤውዶክሲያ፣ «ወንበር ለማን ትሸከማለህ?» አላለችውም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በአራተኛው ዓርብ መጡ። አበባ አልያዙም። ቀስ ብለው ተቀመጡ። መስቀሉን አላዩትም፣ ከሱ ጎን ያለችውን ትንሿን ድንጋይ ብቻ አዩ። ሶስቴንስ እንደ ልማዱ ወደ ወንዙ አሸዋ ሊርቅ ሲል፣ «ቆይ» አሉት።

ቆመ።

«አምሽቶ መብራት የማያጠፋ ሰው ነበር» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብቻህን አይደለህም እያልኩ ዋሸሁት።»

ነፋስ አልነበረም። ሙቀቱ አሸዋው ላይ እየተንቀጠቀጠ ወንዙ ውሃ ያለው ይመስላል። ሶስቴንስ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። እንዲህ ያለ ነገር ማንም አልጠየቀውም፣ ለዚህ ይሆናል ቃሉ የወጣለት።

«እኔ እኮ በየዓመቱ እዚህ ነው የምተኛው፣ ዶኛ። እሱ ከመጣ ጀምሮ። ራሴ እዚህ፣ እሱ እዚያ። አንድ ክንድ አይሆንም።»

ዶኛ ዊኒ ዞረው አዩት። ርቀቱን በዓይናቸው ለኩት።

«ግማሽ ሰዓት» አሉ።

«ዶክተር መርል ቶሎ ስለማይሞት፣ አንዳንዴ ከዚያም ይበልጣል።»

አፋቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «እና ምን ታወራላችሁ?»

«እኔ ወሬ አልችልም። እሱ ነው የሚያወራው።»

«ስለ ምን?»

ሶስቴንስ አሰበ። ክላረንስን በሕይወቱ ከሰላምታ በላይ አናግሮት አያውቅም። «ስለ አውሮፕላን» አለ።

«ክላረንስ አውሮፕላን ይፈራ ነበር። ከአገራችን እዚህ ድረስ በመኪና ነው የመጣነው፣ አምስት ቀን።»

«እሱን ነው የሚያወራው» አለ ሶስቴንስ።

ዶኛ ዊኒ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሲያለቅሱ ይሁን ሲስቁ ከቆመበት ሆኖ ሊለየው አልቻለም፣ ሊጠይቅም አልደፈረም። ቆየት ብለው ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ጎን ገፉና ከጥላው ቦታ ለቀቁለት።

«ቁጭ በይ» አሉት። «ፀሐይ ነው።»